ቀብድ ልከፍል አንድ ቀን ሲቀረኝ

መነሻው

ይህን የውይይት ክር ኢንተርኔት ላይ ባለው መድረክ የከፈትኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ጠዋት ቀብድ ለመክፈል ቀጠሮ ይዤ ነበር። ቤቱን ወድጄዋለሁ። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባዋል፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ ዛፍ አለ። ዋጋው ደግሞ እዚያ አካባቢ ካየኋቸው ቤቶች ሁሉ ይረክሳል። ባለቤቱ ሌላ አገር ነው የሚኖሩት። የሚሸጥልኝ ውክልና የያዘ የሥጋ ዘመዳቸው ነው። የባለቤትነት ሰነዱን ቅጂ ሰጥቶኛል። የውክልናውንም፣ የመታወቂያውንም። ሁሉም ማኅተም አለው። ሌላ ገዢ መኖሩንና ቀድሞ የከፈለ ቤቱን እንደሚወስድ በቀን ሦስት ጊዜ እየደወለ ያስታውሰኛል።

የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። ከእነዚህ ሌላ የትኛውን ወረቀት ላስመጣ? እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ የጻፍኩት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ነው። በ4 ቀን ውስጥ 23 መልስ ተጻፈበት፤ ሁለቱ የራሴ ናቸው። ክሩ ረዝሟል፣ መሀል ላይም ጭቅጭቅ ገብቶበታል። አዲስ የሚመጣ ሰው ቁም ነገሩን ለማግኘት ይቸገራል። ስለዚህ መልሶቹን በቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር ልተርካቸው። የማንንም ስም አልጠቅስም።

መልስ 1

አጭር ነው። እህቴ ብሎ ጀምሮ እንኳን ለዚህ አበቃሽ አለኝ። ምክሩ ቢያንስ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ምንም ገንዘብ እንዳላወጣ ነው። ቤት ቢያመልጥ ሌላ ቤት ይገኛል፣ የወጣ ገንዘብ ግን በቀላሉ አይመለስም ባይ ነው።

መልስ 2

ከ2 ዓመት በፊት የመጀመሪያ ቤቷን የገዛች ልጅ ናት። የጠየቅኩትን ዝርዝር አንድ በአንድ ሰጠችኝ። በቅጂ እንዳልረካና ዋናውን ሰነድ እንዳይ፣ የሻጩን መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም ያለማግባት ማስረጃ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የተከፈለ የመብራትና የውሃ ሂሳብ እንድጠይቅ መከረችኝ። የጋብቻውን ነገር ጠበቅ አድርጋ ነው የጻፈችው። በብዙ አገር ሕግ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ፈቃድ አይሸጥም። አንዱ ብቻ ከፈረመ ሌላው ቆይቶ ውሉን ሊያስፈርስ ይችላል። የፈለግኩት ይሄንኑ ስለነበር አመስግኛት ልተኛ ነበር።

መልስ 3

የመለሱት በመሬትና ቤት ምዝገባ ሥራ ላይ ከ30 ዓመት በላይ አገልግለው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ከዚህ በኋላ ክሩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር። መጀመሪያ ልጅቷን አመሰገኑ። ቀጥለው ግን በትሕትና አረሟት። ዝርዝሩ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሁሉም ወረቀት ከሻጩ እጅ የሚመጣ መሆኑ ነው። ከሻጭ እጅ የመጣ ወረቀት፣ ማኅተሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሻጩ የሚለውን ነገር በጽሑፍ ከመድገም አያልፍም። ፎርጅድ ሰነድ በዓይን አይለይም። እሳቸው ራሳቸው ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ በዓይናቸው ብቻ መለየት እንደማይችሉ ጻፉ።

የሚታመነው መዝገቡ ነው። ገዢው ራሱ፣ በገዛ እግሩ፣ መዝገቡን ወደሚይዘው መሥሪያ ቤት ሄዶ ወይም በመሥሪያ ቤቱ በራሱ ድረ ገጽ ገብቶ፣ ወቅታዊ መረጃ ማውጣት አለበት። እዚያ ላይ የባለቤቱን ስም፣ የቦታውን ቁጥርና ስፋት፣ ቤቱ በብድር መያዣነት መመዝገብ አለመመዝገቡን፣ የፍርድ ቤት ዕግድ መኖር አለመኖሩን ያያል። ከዚያ ከሻጩ ሰነድ ጋር ያመሳክራል። የማይገጥም አንድ ቁጥር እንኳ ቢኖር ማቆም ነው።

ታሪኩንም ጨመሩ። ድሮ በብዙ አገር ቤት የሚገዛ ሰው ከሻጩ በፊት ማን እንደነበረ፣ ከዚያም በፊት ማን እንደነበረ ወረቀት በወረቀት ወደ ኋላ መቁጠር ነበረበት። መሀል ላይ አንዱ ሽያጭ ሐሰተኛ ከሆነ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይናጋል። በ1858 እ.ኤ.አ. በደቡብ አውስትራሊያ ሮበርት ቶረንስ ባመጣው ሕግ ነገሩ ተገለበጠ። ባለቤትነትን የሚሰጠው መዝገቡ ራሱ ሆነ። ብዙ አገሮች ይህን ተከተሉ፣ ሌሎች በድሮው መንገድ ቀሩ። ስለዚህ ገዢ ከሁሉ በፊት የአገሩ አሠራር የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አለበት። በድሮው መንገድ ከሆነ የሰነዱን የኋላ ታሪክ የሚያጣራ ባለሙያ የግድ ያስፈልገዋል።

መልስ 4

ከጋሼ ጋር ይስማማል፤ አንድ ነገር ግን ጨመረ። አጎቱ ልክ እንደተባለው መረጃ አውጥተው ነበር። ንጹህ ነበር። ውሉን የፈረሙት ግን ከወር ተኩል በኋላ ነው። በመሀል የሻጩ አበዳሪ ፍርድ ቤት ሄዶ ቤቱን አሳግዶታል። አጎቱ ሙሉውን ከፍለው ስም ማዛወር ሳይችሉ ዓመታት ተጉላሉ። መረጃ እንደሚያረጅና በፊርማው ዕለት ጠዋት እንደገና መታየት እንዳለበት ያወቅኩት ከዚህ መልስ ነው። ጋሼ ወዲያው መጥተው ልክ ብሏል አሉ። ገዢ ከፈረመ በኋላም ሳይውል ሳያድር በስሙ ማስመዝገብ አለበት። አንድ ቤት ለሁለት ሰው ሲሸጥ በብዙ ቦታ የሚያሸንፈው ቀድሞ የተመዘገበው ነው።

መልስ 5

ጠበቃ ናት። ሌሎቹ ያለፉትን ውክልናውን ያዘች። እስከዚያ ድረስ ስለ ውክልና የማውቀው ወረቀት መሆኑን ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ወካዩን በዓይኔ ማየት አለማየቴን ነው። በቪዲዮም ቢሆን። አላየኋቸውም። ከዚያ አብራራች። ውክልና ለተጻፈበት ነገር ብቻ ነው የሚያገለግለው። ቤት ለማስተዳደር የተሰጠ ውክልና ለመሸጥ አይሆንም። ለመሸጥ የተሰጠውም ገንዘብ መቀበልን ካልጨመረ ገንዘቡን ለተወካዩ መስጠት አደጋ አለው። ወካዩ ውክልናውን ሊሽረው ይችላል፤ የተሻረ ውክልና ደግሞ ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት አይወጣበትም። ከሁሉ በላይ፣ በአብዛኛው ሕግ ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያበቃል። ቤቱ ከዚያ በኋላ የወራሾች ነው። ስለዚህ ውክልናውን ያረጋገጠውን መሥሪያ ቤት ራሴ ፈልጌ፣ በቁጥሩና በቀኑ፣ አሁን የጸና መሆኑን እንድጠይቅ መከረችኝ። ሌላ አገር የተሰጠ ከሆነም በሚመለከተው ኤምባሲ ወይም ባለሥልጣን በኩል።

አጭበርባሪዎች የሚመርጡት ቤት ምን ዓይነት እንደሆነም ነገረችን። ባዶ የሆነ፣ ብድር የሌለበት፣ ባለቤቱ ሩቅ ያለ ወይም ያረፈ ቤት። ብድር ካለበት ባንክ ይጠይቃል። ሰው ካለበት ነዋሪው ይጠይቃል። ባዶ ቤት ግን ጠያቂ የለውም። ይህን ሳነብ የዛፉ ቅጠል ግቢው ውስጥ ሳይጠረግ ተከምሮ ማየቴ ትዝ አለኝ።

መልስ 6

እኔ ነኝ። ባለቤቱን በስልክ እንዳነጋገርኳቸው ጻፍኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቀስ ብለው በአክብሮት ነው ያወሩኝ። ዘመዳቸውን እንደሚያምኑትና ቤቱን ለሕክምና ሲሉ እንደሚሸጡት ነግረውኛል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት፤ ጥያቄው የተዘጋ መስሎኝ ነበር።

መልስ 7

ከዚህ በፊት የጻፉት ሁሉ በለሆሳስ ነበር። ይህቺ ግን አላለሳለሰችም። ስልክ ቁጥሩን ማን ሰጠኝ? ተወካዩ። ታዲያ ያነጋገርኩት ማን መሆኑን በምን አወቅኩ? ተወካዩ የሰጠኝን ሰነድ ተወካዩ በሰጠኝ ስልክ ደውዬ ማረጋገጥ፣ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነው። ማጣሪያው ከሻጩ በተለየ መንገድ ካልመጣ ማጣሪያ አይባልም ስትል ጻፈች። ቁጥሩን ከመሥሪያ ቤቱ፣ ወሬውን ከጎረቤት፣ መሐንዲሱን ከራሴ በኩል ማምጣት እንዳለብኝም ጨመረች።

ደነገጥኩ፤ ትንሽም ተቀየምኩ። ደግሜ ሳነበው ግን ልክ ናት። እስከዚያ ቀን ያጣራሁት ነገር ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ያለፈ ነበር። ከክሩ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ አንብቡ ብትሉኝ ይህን ነው የምሰጣችሁ።

የጠዋቱን ቀጠሮ በመልእክት ሰረዝኩ። ተወካዩ 11 ጊዜ ደወለ።

መልስ 8 እና 9

እዚህ ላይ ወሬው ወጣ አለ። አንድ ወጣት ባለፈው ዓመት በገዛው ቤት የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ከታች እየረጠበ ቀለሙ እንደሚላጥ ነገረንና መፍትሔ ጠየቀ። ከኔ ጥያቄ ጋር የሚገናኝ አልመሰለኝም ነበር። የመለሰለት የሕንፃ መሐንዲስ ግን ነገሩን ወደ ዋናው ጉዳይ መለሰው።

ወጣቱ ሲገዛ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ያ አንድ ግድግዳ ብቻ። መሐንዲሱ ይህን እንደ ምልክት ነው የሚያየው። አንድ ግድግዳ ብቻ ለምን ይቀባል? ቤት በዝናብ ማግስት መታየት አለበት፤ የጣሪያውና የግድግዳው ጉድ ያኔ ይወጣል። እንደገና ደግሞ ማታ፤ ጫጫታውም የአካባቢው ሁኔታም ማታ ነው የሚታወቀው። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳ ራቅ አድርጎ ከጀርባው ማሽተት። የውሃ ቧንቧዎችን በአንድ ጊዜ ከፍቶ ግፊቱን ማየት። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ወይም በጡቡ መገጣጠሚያ ደረጃ እየሠራ የሚወጣ ስንጥቅ፣ መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል። እንደ ፀጉር የቀጠነ የልስን ስንጥቅ ግን ብዙ አያስፈራም። ቦታውንም በሜትር ለክቶ ሰነዱ ላይ ካለው ስፋት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። አጥሩ የጎረቤትን መሬት ቆርሶ ከሆነ ጠቡ ከቤቱ ጋር አብሮ ይገዛል።

ቤቱን የሚያይ ባለሙያ በገዢው የተቀጠረ መሆን አለበት አለ። ደላላው ያመጣው ባለሙያ ሽያጩ እንዳይበላሽበት የሚያስብ ነው። የቁጥር 7ን ነገር በሌላ በኩል ደገመው ማለት ነው።

መልስ 10

ደላላ ነው። ራሱን አልደበቀም። እስካሁን የተጻፈው ደላላን ሁሉ ሌባ ያስመስላል ብሎ ቅር ተሰኝቷል፤ አጻጻፉ ግን ጨዋ ነው። እሱ ውክልና ይዞ የመጣን ሰው ቤት ለገዢ ከማሳየቱ በፊት ራሱ እንደሚያጣራ፣ ሻጩ በአካል ለመታየት እምቢ ካለ ሥራውን እንደማይቀበል ነገረን። ሻጮችም እንደሚዋሹ፣ የወራሾችን ጠብ ደብቀው እንደሚመጡ፣ ገዢዎችም ቤቱን በሱ በኩል አይተው ኮሚሽኑን ለማስቀረት በጓሮ በር እንደሚስማሙ አስረዳ። እኔ አመስግኜዋለሁ።

መልስ 11፣ 12 እና 13

አንዲት ሴት ግን አላመሰገነችውም። በዚህ መድረክ የማይተዋወቁ ሰዎች እርስዎ መባባል ልማድ ነው። እሷ ደላላውን ከመጀመሪያው ቃል አንተ ብላ ጀመረች፤ ያኔ ነገሩ እንደከረረ ገባን። እናቷ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤታቸውን ሊሸጡ ደላላ ይጠራሉ። ደላላው ገበያው ቀዝቅዟል እያለ ለወራት ተስፋ ያስቆርጣቸዋል። ሌሎች ገዢዎችን በር ላይ ይመልሳል። በመጨረሻ በወረደ ዋጋ የገዛቸው ሰው ተገኘ። ቤቱ በ3 ወር ውስጥ ተመልሶ ገበያ ላይ ወጣ፣ በጣም በተወደደ ዋጋ። ገዢው የደላላው ወንድም ነበር።

ደላላው ተናደደ። የአንድ ሰው ኃጢአት የሙያው ሁሉ እንዳልሆነ፣ እሱን ሳያውቁ መሳደብ ነውር እንደሆነ ጻፈ። እሱም አንቺ አለ። ሌሎችም ገቡበት። 13ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ናቸው። ሁለቱም እንዲረጋጉ፣ በእርስዎ እንዲነጋገሩ አሳሰቡ። የተሰረዙ አስተያየቶችም አሉ።

እኔ ስለ ሁለቱም አዘንኩ። ሴትየዋ የተናገረችው ግን ለሻጮች ትልቅ ትምህርት ነው። ሻጭ የቤቱን ዋጋ ከአንድ ሰው አፍ ብቻ መስማት የለበትም። ቢያንስ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ይገምቱት። ከደላላ ጋር የሚደረገው ውልም የሚያበቃበት ቀን ይኑረው።

መልስ 14

ሻጮችም ይታለላሉ የሚለውን ይዞ የመጣ ሰው ነው። እህቱ ቤቷን ስትሸጥ ገዢው ቀብዱን በቼክ ላከላት፤ ከተስማሙት በላይ ተጽፎበት። በስህተት ነው ብሎ ትርፉን እንድትመልስለት ለመናት። ገንዘቡ ሂሳቧ ላይ ታይቷል፤ ስለዚህ መለሰችለት። ከቀናት በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ታወቀና ባንኩ ሁሉንም ቀነሰባት። የመለሰችው ግን የራሷ እውነተኛ ገንዘብ ነበር። ገንዘብ ሂሳብ ላይ መታየቱና ቼኩ ተጣርቶ ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱ የተለያዩ መሆናቸውን ባንኩ የነገራት ከዚያ በኋላ ነው።

የተላከ ገንዘብን በስልክ ፎቶ ማሳየትም እንዲሁ መሆኑን ጨመረ። ፎቶው በሐሰት ሊሠራ ይችላል። ሻጭ ማየት ያለበት የራሱን ሂሳብ ነው። ሙሉው ገንዘብ ሳይገባ ቁልፍ አይሰጥም፤ ገብቶ ከተቀመጠ ሰው ጋር መካሰስ ረጅም ነው። የባለቤትነት ሰነድና የመታወቂያ ቅጂም ለመጣ ሰው ሁሉ እንዳይበተን ይመክራል፤ የሚሰጥ ከሆነ ለምን ጉዳይና በስንት ቀን እንደተሰጠ በላዩ ላይ ተጽፎበት።

መልስ 15

ይህን ሳነብ አለቀስኩ። የጻፈው የሁለት ልጆች አባት ነው። ማጣሪያውን ሁሉ ጨርሷል። ሻጩ እውነተኛ፣ ቤቱ ንጹህ፣ ጠበቃው የታወቀ። የቀረው ገንዘቡን መላክ ነበር። በክፍያው ዕለት ከጠበቃው ኢሜይል መጣ። የሂሳብ ቁጥራቸው እንደተቀየረና በአዲሱ እንዲልክ ይጠይቃል። አጻጻፉ የጠበቃው፣ ከታች ያለው ስምና ማዕረግ የጠበቃው ነው። የቤቱ አድራሻና ዋጋው ሳይቀር ልክ ነው። ላከው። ዓርብ ከሰዓት ነበር። ሰኞ ጠዋት ጠበቃው ደውሎ ገንዘቡ ለምን እንደዘገየ ጠየቀው።

ሌቦቹ ኢሜይሉን ሰብረው ገብተው ለሳምንታት ዝም ብለው ሲያነቡ ቆይተዋል። የላኩበት አድራሻ ከጠበቃው የሚለየው በአንድ ፊደል ነው። ያን ያየው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው። ብዙውን መልሶ አላገኘም።

ሌላው እንዳይደርስበት ብሎ የጻፈው ይህ ነው። የሂሳብ ቁጥር ተቀየረ የሚል መልእክት ከመጣ፣ ከማንም ይምጣ፣ መልእክቱ ላይ ባለው ስልክ አይደወልም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሚታወቀው ስልክ ተደውሎ፣ ድምፅ ተለይቶ፣ ቁጥሩ አንድ በአንድ ይነበባል። ገንዘቡ ከሄደ ደግሞ የሚያዋጣው ፍጥነት ነው። በዚያው ደቂቃ ለራስ ባንክ መደወል፣ ዝውውሩ እንዲጠራና ተቀባዩ ባንክ ሂሳቡን እንዲያግድ መጠየቅ፣ በዚያው ቀን ለፖሊስ ማመልከት። እሱ ሁለት ቀን አልፎት ነበር።

መልስ 16 እና 17

አንዱ በቁጥር 15 ላይ ተንተርሶ ባንኩ ስሙንና ቁጥሩን አያመሳክርም ወይ ብሎ ጠየቀ። ባንክ ውስጥ የሚሠራ ሰው መለሰለት። በአንዳንድ አገር ያመሳክራል፣ በሌላው ግን ገንዘቡ በቁጥሩ ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በማመሳከር ላይ መተማመን አይገባም። መጀመሪያ ትንሽ ገንዘብ ልኮ፣ ተቀባዩ መድረሱን በስልክ በድምፁ ካረጋገጠ በኋላ ቀሪውን መላክ ይሻላል። ከዚህም የሚሻለው ገንዘቡ ስሙ እስኪዛወር በሦስተኛ ወገን ዝግ ሂሳብ መቀመጡ ነው። ያ ሦስተኛ ወገን ራሱ ፈቃድ ያለው መሆኑን ግን ማጣራት እንዳይረሳ አሳሰበ፤ የሐሰት የዝግ ሂሳብ ድርጅት የሚያቋቁሙም አሉና።

መልስ 18 እና 19

የታሪክ መምህር ናቸው። በ1925 እ.ኤ.አ. ቪክቶር ሉስቲግ የሚባል አጭበርባሪ ፓሪስ ውስጥ የመንግሥት ባለሥልጣን መስሎ የኤፍል ግንብን ለብረታ ብረት ነጋዴ እንደሸጠው አወሩን። ነጋዴዎቹን ነገሩ ምስጢር ነው ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር። የተበላው ሰውዬ ደግሞ አፍሮ ለፖሊስ አልተናገረም ይባላል። ከዚያ በፊት በ1820ዎቹ ግሬጎር ማክግሬጎር የተባለ ስኮትላንዳዊ ፖያይስ የሚባል የሌለ አገር ፈጥሮ መሬቱን ሸጧል። ወደ 250 የሚጠጉ ሰዎች በመርከብ ሄደው ያገኙት ጫካ ነበር። ብዙዎቹ በበሽታ ሞቱ።

19ኛው ሰው ይህ የታሪክ ክፍል አይደለም ብሎ ቆጣ አለ። እኔ ግን በመምህሩ በኩል ነኝ። ምስጢርና ኀፍረት የሌባ መሣሪያ እንደሆኑ ያየሁት ከሳቸው ነው። የኔም ተወካይ ዋጋውን ለማንም እንዳላወራ ነግሮኝ ነበር። እኔም ቤቱን እንዳያስቀሩብኝ ፈርቼ ለእህቴ እንኳ አልነገርኳትም።

መልስ 20

ግብር ለመቀነስ ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍ ይቻላል ብሎ የመከረ ሰው ነው። ጠበቃዋ ተመልሳ መጣች፤ ከቅድሙ ይልቅ ከረር ብላ። ነገሩ ጥፋት ከመሆኑ በላይ ገዢውን ነው የሚጎዳው። ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። ሻጩ የተጻፈውን ብቻ መልሶ በሰላም ሊሄድ ይችላል። ሰውየው ሁሉም እንደሚያደርገው ተከራከረ። ማንም አልደገፈውም። በቃል የተባለ ሁሉ ውሉ ላይ መግባት አለበት የሚለውንም በዚያው አነሳችው፤ የሚቀረው ምድጃ፣ የሚወጣበት ቀን፣ ቤቱ ውስጥ ተከራይ ካለ የተከራዩ ነገር። ቤት ቢሸጥም የኪራይ ውሉ በብዙ ቦታ አይፈርስም።

መልስ 21

ገና ያልተሠራ ቤት ስለ መግዛት ጠይቆ ራሱ የመለሰ ሰው ነው። መሬቱ በማን ስም እንደሆነ፣ የግንባታ ፈቃድ መኖሩን፣ መሬቱ ለባንክ በመያዣነት መያዝ አለመያዙን ከመዝገቡ አይቶ፣ ክፍያውንም ከግንባታው ደረጃ ጋር አስሮ ነው የፈረመው። መሠረት ሲወጣ ይህን ያህል፣ ጣሪያ ሲመታ ይህን ያህል። ቢዘገይ የሚከፈለውም ውሉ ላይ ተጽፏል። ይህን የከለከሉትን ሁለት አልሚዎች ትቷቸዋል።

መልስ 22

አንዲት ልጅ ስለ አባቷ ጻፈች። አባቷ ዕዳ በዝቶባቸው ቤታቸው በሐራጅ ሊሸጥ ነበር። የሚያድን ሰው መጣ። ዕዳውን እንደሚከፍልላቸው፣ ቤቱ ለጊዜው በስሙ እንደሚሆን፣ እየኖሩበት ኪራይ ከፍለው በኋላ መልሰው እንደሚገዙት ነገራቸው። ያልተሞላ ወረቀት ላይ ሳይቀር አስፈረማቸው። ዕዳውን አልከፈለም። በተዛወረለት ቤት ሌላ ብድር ወስዶበት ጠፋ። ጋሼ የመለሱላት በጣም በርኅራኄ ነው። አንዳንድ አገር ያለ የማስጠንቀቂያ አገልግሎት ጠቆሟት። በእንግሊዝ ለምሳሌ የመሬት መዝገብ ቤቱ ቤቱ ላይ ማመልከቻ ሲቀርብ ለተመዘገበ ሰው በነፃ መልእክት ይልካል። ልጆች ለሽማግሌ ወላጆቻቸው እንዲህ ዓይነት ነገር መኖር አለመኖሩን እንዲጠይቁ አሳሰቡ።

መልስ 23

እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ወደ መዝገቡ ሄድኩ። ስሙ ልክ ነው፤ የቦታው ቁጥርም ልክ ነው። ብድርም ዕግድም የለበትም። ልቤ ሊመለስ ነበር። ከዚያ ቁጥር 7ን አስቤ ወደ ቤቱ ሄድኩ፤ ያለ ተወካዩ። የጎረቤቱን በር አንኳኳሁ።

የከፈቱልኝ እናት ስለ ባለቤቱ ስጠይቃቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝም አሉ። ሰውየው ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ ለቀብር መጥተው ተመልሰዋል። ዘመድ ነኝ የሚለውን ሰው ሴትየዋ አያውቁትም። ውክልናውን ባረጋገጠው መሥሪያ ቤት በቁጥሩ ስጠይቅ ደግሞ በዚያ ቁጥር የተመዘገበው የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። በስልክ ቀስ ብለው በአክብሮት ያነጋገሩኝ ሰው ማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለፖሊስ አመለከትኩ፤ የነበረኝን ቅጂ ሁሉ ሰጠሁ። ተወካዩ ስልኩን ዘግቷል። ጎረቤቲቱ የልጆቹን ስልክ ፈልገው አግኝተው ነግረዋቸዋል።

ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሌላ ገዢ አለ ሲለኝ የነበረው ማስፈራሪያ ይመስለኝ ነበር። እውነት ቢሆንስ? ስልኬን በወረቀት ጽፌ ለጎረቤቲቱ ሰጠኋቸው፤ ያን ቤት ሊያይ የሚመጣ ሰው ካለ እንዲሰጡልኝ። እስከ ዛሬ ሁለት ሰዎች ደውለውልኛል። አንደኛው ቀብዱን ከፍሎ ነበር።